ሐኪማችን ለ34 ዓመታት የጻፉባቸውን ካርዶች ተረክቤያለሁ፤ ምን ላድርጋቸው?

ጠያቂ፦ ጠቅላላ ሐኪም፣ ሦስተኛ ዓመት

ለሙያ ባልደረቦቼና ለታላላቆቼ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

በአንዲት ትንሽ ከተማ ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ስሠራ ይህ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ከእኔ በፊት ከተማዋን ለ34 ዓመታት ያከሙት ሐኪም ባለፈው ወር ጡረታ ወጡ። በመጨረሻው የሥራ ቀናቸው ማታ፣ ታካሚዎቼን ጨርሼ እጄን ስታጠብ ወደ ምርመራ ክፍሌ ገቡና አንድ ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። «ሳታነቢያቸው እንዳታቃጥያቸው» አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ጋዋናቸውን አጣጥፈው በክንዳቸው ይዘው ሄዱ።

ቁልፉ የአንዲት ጠባብ የዕቃ ክፍል ነው። ከፍቼ ስገባ 41 የካርቶን ሣጥኖች ተደርድረው አገኘሁ፤ ሁሉም መዳፍ በሚያክሉ ካርዶች ተሞልተዋል። የሆስፒታሉ መዝገብ አይደሉም፤ እሱ በካርድ ክፍል በቁጥር ተሰድሮ ይገኛል። እነዚህ ሐኪሙ ለራሳቸው የያዟቸው ማስታወሻዎች ናቸው። መጀመሪያ ያስገረመኝ አደራደራቸው ነው። በስም ፊደል ተራም በቁጥርም አልተቀመጡም፤ በቤት ነው። የአንድ ቤት ሰዎች ካርዶች፣ ከአያት እስከ ሕፃን፣ በአንድ ክር ታስረዋል። ልጅ አግብታ ከቤት ስትወጣ ካርዷ ወደ አዲሱ ቤቷ ጥቅል ይዛወራል፤ በነበረበት ቦታ «ወደ እገሌ ቤት ሄዳለች» የሚል ቁራጭ ወረቀት ይቀራል።

ሁለተኛው ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በየካርዱ ላይ ቀኑ፣ ሕመሙ፣ የምርመራው ውጤትና መድኃኒቱ ከተጻፈ በኋላ «ግምቴ» ብሎ የሚጀምር አንድ መስመር አለ። «ግምቴ፦ ትኩሳቱ በሦስት ቀን ይለቀዋል።» «ግምቴ፦ ይህ ሳል ከሳንባ አይደለም፤ ከልብ ነው።» «ግምቴ፦ መድኃኒቱን አትወስድም፤ ባሏ እንዲያውቅባት አትፈልግም።» ከሥሩ፣ አንዳንዴ ከሳምንት አንዳንዴም ከ10 ዓመት በኋላ፣ የሆነው ነገር በቀይ ቀለም ተጽፏል። ብዙ ቦታ «እንዳልኩት» ይላል። ብዙ ቦታ ደግሞ «ተሳስቻለሁ» ይላል፤ ለምን እንደተሳሳቱም ይከተላል። አንዱ ካርድ ላይ «ግምቴ፦ ጨጓራ ነው፤ ይሻለዋል» ካለ በኋላ፣ በቀዩ ቀለም «ተሳስቻለሁ። ልቡ ነበር። በማግስቱ ሌሊት ሞተ። ዳገት ሲወጣ እንደሚብሰው ነግሮኝ ነበር፤ አላዳመጥኩትም» ይላል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ከእምብርቴ በላይ አመመኝ ብሎ የመጣን ሰው ዳገት ሲወጣ ምን እንደሚሰማው ሳልጠይቅ አላሰናብትም። (እዚህ የጠቀስኳቸውን ዝርዝሮች ሰዎቹ እንዳይታወቁ ቀይሬያቸዋለሁ።)

እውነቱን ልናገር። ሦስት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ እኚህን ሰው ዘመኑ ጥሏቸው የሄደ ሐኪም አድርጌ ነበር የማያቸው። የስፔሻሊቲ ትምህርት አልተማሩም፤ አንድም የጥናት ጽሑፍ አላሳተሙም። ታካሚ ፊት ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ወረፋው ሲረዝም እኔ እበሳጭ ነበር። አሁን በትልቅ ከተማ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ እንድማር ዕድል አግኝቼ ለመሄድ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል፤ በየማታው ግን እነዚህን ሣጥኖች እያነበብኩ ነው።

ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ካርዶቹን ምን ላድርጋቸው? ደግሞስ እኚህ ሰው 34 ዓመት ሙሉ ሲሠሩ የኖሩት ምን ነበር? አገልግሎት መሆኑን አውቃለሁ። የምጠይቀው ዕውቀትም ሊባል ይችል እንደሆነ ነው።


መላሽ፦ ጡረተኛ የውስጥ ደዌ ሐኪም

ልጄ፣ በዕድሜ አባትሽ እሆናለሁና አንቺ ማለቴን ይቅር በይኝ።

ለሁለተኛው ጥያቄሽ መልሱ «አዎን» ነው፤ ምስክሬም ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ማኬንዚ ነው። ታሪኩን ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ፤ ከሐኪምሽ ካርዶች ጋር የሚመሳሰልበት ቦታ ብዙ ነውና።

ማኬንዚ በ1853 እ.ኤ.አ. ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ (ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ15 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ በመድኃኒት ቤት ተቀጠረ፤ ቆይቶ በኤድንብራ ሕክምና ተምሮ በ1878 ተመረቀ። በማግስቱ ዓመት በርንሊ ወደምትባል የሰሜን እንግሊዝ የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ሄዶ ከሌሎች ጠቅላላ ሐኪሞች ጋር መሥራት ጀመረ። እዚያም 28 ዓመት ኖረ። የሠራተኛ ሠፈር ሐኪም ነበር፤ ያዋልዳል፣ የተሰበረ ይጠግናል፣ በሌሊት ሲጠሩት ይሄዳል።

ሕይወቱን የለወጠችው ምጥ የያዛት አንዲት ወጣት ናት። የልብ ሕመም ነበረባት፤ እሱ እያዋለዳት ሳለ ሞተች። ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለው፤ የልብ ሕመም ካለባቸው ሴቶች መካከል የትኛዋ ምጡን እንደምትችለው፣ የትኛዋ እንደማትችለው አስቀድሞ ማወቅ ይቻል ነበርን? መጻሕፍቱን አገላበጠ። ስለ በሽታው ስም ብዙ ይላሉ፤ ይህች ሴት ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ትሆናለች ለሚለው ግን የሚረባ መልስ የላቸውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መጻሕፍቱን የጻፉት የትልልቅ ሆስፒታሎች ሐኪሞች ታካሚውን የሚያዩት ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ ያውም ከደከመ በኋላ። የበርንሊው ሐኪም ግን ሰውየውን ከመታመሙ በፊት ያውቀዋል፤ ሲታመም ያየዋል፤ ከ15 ዓመት በኋላም መንገድ ላይ ያገኘዋል።

እናም መመዝገብ ጀመረ። የእጅን ደም ወሳጅ ምት በወረቀት ላይ የሚስል መሣሪያ በዚያን ጊዜ ነበር። ማኬንዚ የአንገትን ደም መላሽ ሥር እንቅስቃሴም አብሮ የሚስል መሣሪያ አበጀ፤ የአንገቱ ሥር የልብ ላይኛው ክፍል ምን እየሠራ እንደሆነ ይናገራልና። ኋላም ፓዲሃም በምትባል ጎረቤት ከተማ ከሚኖር ሰባስቲያን ሻው ከሚባል ሰዓት ሠሪ ጋር ሆኖ ሁለቱን ምቶች ጎን ለጎን በቀለም የሚጽፈውን፣ ፖሊግራፍ የተባለውን መሣሪያ ሠሩ። በሁለት ጎረቤት ከተሞች የሚኖሩ አንድ ሐኪምና አንድ ሰዓት ሠሪ የልብን ሕክምና አቅጣጫ ለወጡት።

ካገኛቸው ነገሮች መካከል ሁለቱን ልምረጥ። ልባቸው አንዳንዴ ከተራው ውጭ የሚመታ ሰዎች በዚያን ዘመን በጣም ይፈሩ ነበር፤ ሥራ እንዲያቆሙ የሚመከሩም ነበሩ። ማኬንዚ እነዚህን ሰዎች ለዓመታት ተከታትሎ ብዙዎቹ ጤነኛ ሆነው እንደሚኖሩ አየ። ይህን ለማወቅ ዓመታት ከማሳለፍ በቀር አቋራጭ አልነበረውም። ሁለተኛው፣ ከ1880 ጀምሮ የሚከታተላት አንዲት የልብ ታማሚ ናት። በ1898 ምቷ ፈጽሞ ሥርዓት አጣ፤ በዚያው ጊዜ በአንገቷ ሥር ላይ ሲመዘግበው የኖረው የልብ ላይኛው ክፍል ሞገድ ጠፋ። ጊዜውን አስቢው፤ 18 ዓመት! የጠፋውን ነገር ማየት የቻለው የነበረውን ስለሚያውቅ ነው። መጀመሪያ ላይኛው የልብ ክፍል ሽባ ሆኗል አለ፤ ኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ሌላ ምክንያት ሰጠ። ሁለቱም ትክክል አልነበሩም። በ1909 ወጣቱ ቶማስ ሉዊስ የልብን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው በኤሌክትሮካርዲዮግራም ነገሩ ዛሬ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የምንለው፣ የልብ ላይኛው ክፍል ያለ ሥርዓት መርገብገብ መሆኑን አሳየ። የማኬንዚ መዝገብ ግን አልወደቀም፤ የወደቀው ማብራሪያው ብቻ ነው። የአንቺ ሐኪም በቀይ ቀለም «ተሳስቻለሁ» ሲሉ ከላይ ያለውን የጥቁር ቀለም ጽሑፍ አልሰረዙትም አይደል? ነገሩ አንድ ነው።

ማኬንዚ በ1902 ስለ ልብ ምት መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1907 ወደ ለንደን ሄደ፤ በ1915 የሰር ማዕረግ አገኘ። ዝናው ከፍ ባለበት ጊዜ፣ በ1918፣ ለንደንን ትቶ ሴንት አንድሩስ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄደና የከተማዋ ጠቅላላ ሐኪሞች የታካሚዎቻቸውን የመጀመሪያ ምልክቶች የሚመዘግቡበት ተቋም መሠረተ። በሽታ ሲጀምር የሚያየው ጠቅላላ ሐኪም ነው የሚል ጽኑ እምነት ነበረው። በ1925 ራሱ ሲያጠናው በኖረው በልብ ሕመም ሞተ።

እኔ 26 ዓመት በትልቅ ሆስፒታል ሠርቻለሁ፤ አልጸጸትም። ነገር ግን ታካሚዎቼን የማገኛቸው ሕመማቸው ስም ካገኘ በኋላ ነበር፤ ከወጡ በኋላ ምን እንደሆኑም አብዛኛውን ጊዜ አላወቅሁም። ስንቱን «ይሻልዎታል» ብዬ እንደሸኘሁና ስንቱ እንደተሻለው ብትጠይቂኝ መልስ የለኝም። ሐኪምሽ አላቸው። ሄደሽ ተማሪ፤ ማኬንዚም ለንደን ሄዷል። ግን «ግምቴ» የምትለዋን መስመር ይዘሽ ሂጂ።


መላሽ፦ የካርድ ክፍል ባለሙያ

ዶክተር፣ እኔ የመጀመሪያውን ጥያቄዎን ብቻ እመልሳለሁ፤ በሥራዬ ብዙ መዝገብ ሲጠፋም ሲበላሽም አይቻለሁና።

በመጀመሪያ ሣጥኖቹን ከወለል ከፍ አድርገው በጣውላ ላይ ያስቀምጧቸው። እርጥበት ከሥር ነው የሚጀምረው። በስልክዎ ፎቶ አያንሷቸው። ወደ ቤት ይዘው አይሂዱ፤ «በየማታው አነባለሁ» ያሉት ቤትዎ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። መኖራቸውን ለሆስፒታሉ ኃላፊ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የሣጥኑን ብዛትና ቁልፉን ማን እንደያዘ ጨምረው ይግለጹ። የሕክምና ማስታወሻ ስንት ዓመት መቀመጥ እንዳለበት የሚወስነው ሕግ ነው፤ የሕፃናት ብዙ ጊዜ ከአዋቂ ይልቅ ረዘም ይላል። ስለዚህ ማቃጠሉም ማስቀመጡም የእርስዎ ብቻ ውሳኔ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። ካርዶቹ በቤት መታሰራቸውን በአድናቆት ጽፈዋል፤ እኔ ሳነበው ደነገጥኩ። አማቷ ፊት የምራቷን ካርድ ለማውጣት ክሩን ሲፈቱ የሁሉም ምስጢር ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል። «ባሏ እንዲያውቅባት አትፈልግም» የሚለው ካርድ ከባሏ ካርድ ጋር በአንድ ክር ታስሯል! ሐኪሙ 34 ዓመት ምስጢሩን የጠበቁት በራሳቸው ጥንቃቄ ነው፤ እርሳቸው ሲሄዱ ጥንቃቄው አብሮ ሄዷል። የሐኪም ምስጢር ጠባቂነት በጥንቱ በሂፖክራተስ መሐላ ውስጥ ያለ ግዴታ መሆኑን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ለሕክምና የሚጠቅመውን፣ ለምሳሌ የመድኃኒት አለርጂን፣ ባለቤቱ ሲመጣ ጠይቀውና አስፈቅደው ወደ መደበኛው ካርድ ያዛውሩት። የቀረው በኮሚቴ ይወሰን።


መላሽ፦ የሐኪም ልጅ

እኔ በሙያዬ ሐኪም አይደለሁም። አባቴ ግን እንዲህ ባለች ከተማ የኖረ ሐኪም ነበር፤ ስለዚህ ከዚህ ገጽ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ቤታችን በር ላይ የሚያንኳኳው ሰው ማን እንደሆነ ሳናይ እናውቅ ነበር። ምጥ የያዛት ሴት ባል በመዳፉ ሙሉ ይመታል። ልጁ የታመመበት ደግሞ ፈጥኖ፣ ሳያቋርጥ። አባቴ ሦስተኛውን ሳይጠብቅ ይነሣል። እናቴ ተነሥታ መብራት ታበራለታለች፣ ከዚያ እስኪመለስ አትተኛም። ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ያመሰግኑኛል፤ አባትሽ እናቴን አተረፈልኝ፣ አባትሽ ሌሊቱን ከልጄ አጠገብ አደረ ይሉኛል። እኔም እኮራ ነበር። አሁንም እኮራለሁ።

ነገር ግን ዓይኔ ከሩቅ እንደማያይ ያወቀው አባቴ አልነበረም። አራተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪዬ ናት። ለሁለት ዓመት ሰሌዳው አይታየኝም ነበር። አባቴ የሰውን ሳል በግድግዳ ማዶ ሰምቶ የማን እንደሆነ ይለያል፤ ማታ ማታ አብሬው ስቀመጥ ግን መጽሐፉን አፍንጫዬ ላይ አስጠግቼ እንደማነብ አላየም። መነጽሩ የመጣልኝ ቀን ይዞኝ ወደ ጓሮ ወጣና ዛፉን አሳየኝ፤ ቅጠሉን አንድ በአንድ ማየቴን ስነግረው አለቀሰ። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እህቴ። በእነዚያ ሣጥኖች ውስጥ የሐኪሙ የራሳቸው ቤት ጥቅል አለ?


መላሽ፦ የሕብረተሰብ ጤና ባለሙያ

ጡረተኛው ዶክተር በተናገሩት ላይ ጥቂት ልጨምር።

በእንግሊዝ ዮርክሻየር የገጠር ሸለቆ ውስጥ ዊልያም ፒክልስ የሚባል ሐኪም ነበር። ማን ከማን ጋር በየትኛው ቀን እንደተገናኘ ስለሚያውቅ ብቻ፣ ጉበትን የሚያጠቃው ተላላፊ የቢጫ በሽታ ሰው ከያዘ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ስንት ቀን እንደሚወስድ ማስላት ቻለ። በትልቅ ከተማ ማን ከማን እንደያዘ የሚያውቅ የለም፤ በሸለቆው ግን የድግሱን ቀን ሁሉም ያስታውሳል። በ1953 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ጠቅላላ ሐኪሞች ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነው እሱ ነው።

በዘመናችንም የኖርዌይ ተመራማሪዎች ወደ አራት ሚሊዮን ተኩል የሚጠጉ ሰዎችን መረጃ አጥንተዋል። ከአንድ ጠቅላላ ሐኪም ጋር ከ15 ዓመት በላይ የቆዩ ሰዎች፣ ገና አንድ ዓመት ብቻ ከሆናቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ የመሞት ዕድላቸው በ25 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ድንገተኛ የሆስፒታል መተኛትም ቀንሷል። ጥናቱ ሰዎችን በመከታተል የተሠራ እንጂ በሙከራ አይደለም፤ ስለዚህ ልዩነቱን ሁሉ ለሐኪሙ መስጠት አይቻልም። ሆኖም ግንኙነቱ በረዘመ ቁጥር ልዩነቱ መስፋቱን ልብ በሉ።

በዌልስ ግሊንኮሩግ በምትባል የከሰል ማዕድን መንደር የሠራው ጁሊያን ቱዶር ሃርት ደግሞ በ1971 እ.ኤ.አ. የጻፈው አሁንም ያስቆጨኛል፤ ጥሩ ሕክምና የሚገኘው ከሚያስፈልገው መጠን በተቃራኒ ነው፤ ሕመም በበዛበት ቦታ ሐኪም ያንሳል ይላል። የመንደሩን አዋቂዎች የደም ግፊት ሁሉ የለካው ታመምኩ ብለው እስኪመጡ አልጠብቅም ብሎ ነው። እህታችን ሐኪሟን ስታደንቅ አንድ ሰው 34 ዓመት ብቻውን እንዲሸከም መደረጉንም ትጠይቅ። ሁለተኛ ሐኪም ቢኖር ኖሮ የዚያች ልጅ አባት ዓይኗን ሊያይላት ይችል ነበር።


ጠያቂ፦ ጠቅላላ ሐኪም፣ ሦስተኛ ዓመት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለመመለስ የዘገየሁት ነገሮችን ላስተካክል ብዬ ነው።

የካርድ ክፍል ባለሙያው ሆይ፣ እውነትዎን ነው፤ ሁለት ጥቅሎች ቤት ወስጄ ነበር። በማግስቱ መለስኳቸው። ሣጥኖቹ አሁን ጣውላ ላይ ናቸው፤ ለኃላፊውም ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ክሩ ውስጥ የተዘረጋውን ምስጢር እኔ አላየሁትም ነበር። ከእንግዲህ የምከፍተው ባለቤቱ ፊቴ ሲቀመጥና ሲፈቅድልኝ ብቻ ነው።

እህቴ፣ ጥያቄሽን ይዤ ሐኪሙ ቤት ሄድኩ። ጥቅሉ አለ። ክሩ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ብቻ አስሯል፤ «ወደ ሌላ ሐኪም ሄደዋል» ትላለች። ባለቤታቸው ናቸው የነገሩኝ። ልጆቻቸው ትንንሽ ሳሉ «አንተ የእነዚህ አባት ነህ፤ ሐኪማቸው ሌላ ሰው ይሁን» ብለው ጎረቤት ከተማ ካለ ባልደረባቸው ጋር አስመዘገቧቸው። ሐኪሙ አጠገባቸው ተቀምጠው እየሰሙ ነበር። «ቅር ብሎኝ ነበር» አሉ፤ ቆየት ብለውም «እሷ ትክክል ነበረች» አሉ። ያንቺን ታሪክ ስምሽን ሳላውቅ ነገርኳቸው። ስለ ዛፉ ስነግራቸው ሁለቱም ዝም አሉ።

ታካሚ ፊት ለምን ያን ያህል ዝም እንደሚሉም ጠየቅኋቸው። ሰው በሩን ይዞ ሊወጣ ሲል የሚናገረው ነገር አለ፤ ዝም ብለሽ ከጠበቅሽው ገና ተቀምጦ ሳለ ይናገረዋል አሉኝ። ያ ዳገት ሲወጣ የሚብሰው ሰው ሕመሙን የተናገረው በሩን ይዞ ነበር።

ስለ ትምህርቴ ገና አልወሰንኩም። የጡረተኛው ዶክተር ምክር ልቤ ውስጥ አለ፤ መሄዴ አይቀርም ብዬም አስባለሁ። ከመሄዴ በፊት ግን ሐኪሙ አንድ ሥራ ሰጡኝ። ከሣጥኖቹ ውስጥ «ግምቴ» የሚለው መስመር ተጽፎ ቀዩ ያልተሞላላቸው ካርዶች አሉ። ለኃላፊው አሳውቄ፣ ከእርሳቸው ጋር ሆነን ቆጠርናቸው፤ 63 ናቸው። አንዳንዶቹ ሰዎች ከተማውን ለቀዋል፤ አንዳንዶቹ መዳናቸውን ወይም አለመዳናቸውን ሳይነግሩ ቀርተዋል። ሐኪሙ ስለ እነዚህ ሰዎች ማወቅ ይፈልጋሉ። ለክትትል ሲመጡ ፈቃዳቸውን እየጠየቅሁ እስካሁን ዘጠኙን አግኝቻለሁ። አምስቱ ላይ «እንዳልኩት» ብለው ራሳቸው ጻፉ። አራቱ ላይ ግን ተሳስተዋል፤ ከእነዚህ አንዷ «ከሁለት ዓመት በላይ አትቆይም» ብለው ከ11 ዓመት በፊት የጻፉላት ሴት ናት። ባለፈው ሐሙስ የልጅ ልጇን ለማስከተብ ይዛ መጣች። ፈቀደችልኝና ማታውን ደወልኩላቸው፤ ቀይ እስክሪብቷቸውን ይዘው በእግራቸው መጡ።